ማዕዘኑን እዩት፦ ስለ መንገድ ዲዛይንና ትራፊክ ጥያቄና መልስ

ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጻፉልኝ። መንገዱ ስንት ሌይን አለው? መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳሉ? የሚሻገረው ማን ነው? ፍጥነት ስል ታፔላው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በትክክል የሚሄዱበትን ነው። እኔ የሠራሁት መጋጠሚያና የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ስለሆነ ስለ አስፋልት ውፍረት ብዙ አትጠብቁብኝ።

ጠያቂ፦ ሰላም ኢንጂነር። የኛ መንገድ በጣም አደገኛ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስንት ሌይን? ስንት ፍጥነት? ማን ነው የሚሻገረው? ከላይ ጽፌዋለሁ።

የልጆች እናት፦ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት መጋጠሚያ አለ። ዋናው መንገድ ሁለት ሌይን ነው፣ ወደ 50 ይሄዳሉ። የሚያስፈሩኝ ግን ከዋናው ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ናቸው። ዜብራ አለ፤ የሚቆም ግን የለም።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ዜብራውን ለጊዜው ተዪውና ማዕዘኑን እዪው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጠበብ ብሎ ነው የሚዞረው ወይስ ሰፊ ቅስት ሠርቶ? 15 ሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት መኪና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ይዞራል፣ ተሳፋሪው እንኳ ብዙም አይንገላታም። ቅስቱ 5 ሜትር ከሆነ ግን በዚያው ምቾት መዞር የሚችለው በ15 ገደማ ነው። ሹፌሩ ያው ሹፌር ነው፤ ያዘገየው ጠርዙ ነው።

ሰፊ ቅስት ሌላም ጣጣ አለው። መሻገሪያውን ያረዝመዋል። ማዕዘኑ ላይ የቆመ ልጅ ከመንገዱ ስፋት በላይ ተጨማሪ ሜትሮች መራመድ አለበት። ዜብራውን ከማዕዘኑ አርቀው ከቀቡት ደግሞ ሰው በአቋራጭ ይሻገራል። አይፈረድበትም፣ መንገዱ ወደዚያ ስላልሆነ ነው።

አሁን የሹፌሩን ዓይን አስቢው። ሊታጠፍ ሲል የሚመለከተው ከፊት የሚመጣውን መኪና ነው። ክፍተት እንዳገኘ ይገባል። ልጁን የሚያየው መሪውን ካዞረ በኋላ ነው። በ15 እየታጠፈ ከሆነ ለመቆም 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። በ25 ከሆነ ከ10 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ማዕዘን ላይ ደግሞ 10 ሜትር የለም።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ጠርዙ ወደ መንገዱ ገፋ ይበል፣ መሻገሪያው ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ይበል፣ ማዕዘኑ አጠገብ መኪና አይቁም። የቆመ መኪና አጭር ልጅን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ቀለም ብቻውን መኪና አያቆምም።

ባለ ተሳቢ፦ ማዕዘኑን ካጠበባችሁት እኔ በየት ልታጠፍ? የኋላ ጎማዬ እግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል።

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኋላ ጎማ የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መፍትሔው ግን ማዕዘኑን ለሁሉም ማስፋት አይደለም። ዋናው ከፍ ያለ ጠርዝ ሰፋ ብሎ ይዞራል። ከእሱ ፊት፣ በመኪናው መንገድ በኩል፣ ዝቅ ያለና ሻካራ ንጣፍ ይደረጋል፤ ከትንሽ መኪና የሚጠበቀውን ጠባብ ቅስት የሚሠራው ይህ ንጣፍ ነው። ትንሽ መኪና ስለሚያንገጫግጨው ይሸሸዋል፤ የአንተ የኋላ ጎማ ግን ረግጦት ያልፋል። የምትገባበት መንገድ ላይ ያለውን የማቆሚያ መስመርም ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ያኔ ሰፋ አድርገህ ትታጠፋለህ። በቀን አንዴ ለሚያልፍ ተሳቢ ብለን ቀኑን ሙሉ ለሚያልፈው ሁሉ ፍጥነት መስጠት የለብንም።

መንገደኛ፦ ከ50 ወደ 30 ማውረድ ምን ለውጥ አለው? 20 ኪሎ ሜትር እኮ ነው።

መልስ፦ በደረቅ አስፋልት ላይ እናስላው። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በ30 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል፤ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር። በ50 የሚሄደው ግን በ1 ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። ልጅ 13 ሜትር ፊት ለፊት ዘሎ ቢገባ፣ የ30ው መኪና እሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። የ50ው ደግሞ እግሩ ገና ፍሬኑን አልነካም። በሙሉ 50 ነው የሚመታው። የግጭቱ ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ምቱ በ30 ከሚደርሰው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ቸኳዩ፦ ታዲያ ለእግረኛ ድልድይ ቢሠራለት አይሻልም? መኪናም አይቆም፣ ሰውም አይሞት።

ባለ ዊልቸር፦ እኔ በየት ልውጣ?

ቸኳዩ፦ ሊፍት ይደረግልሃላ።

ባለ ዊልቸር፦ ሊፍቱ የተበላሸ ቀንስ?

መንገደኛ፦ ችግሩ የእግረኛው ነው እኮ። ድልድዩ እያለለት ሥር ሥሩን ይሻገራል። ቅጣት ነው የሚያስፈልገው።

የልጆች እናት፦ ሕፃን አዝለህ፣ ዕቃ አንጠልጥለህ ደረጃውን ውጣውና ከዚያ እናውራ።

ቸኳዩ፦ ሹፌር ሁሉ ወንጀለኛ ተደረገ በቃ።

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ማንንም ወንጀለኛ አላልንም። ቁጥሩን እንይ። ከባድ መኪና ከሥሩ እንዲያልፍ የድልድዩ መርገጫ ከመሬት 6 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 40 ደረጃ መውጣት፣ 40 መውረድ ነው። ለዊልቸር የተለመደው ተዳፋት 1 ለ12 ነው። 6 ሜትር ለመውጣት 72 ሜትር መወጣጫ፣ ለመውረድ ሌላ 72፤ ማረፊያዎቹን ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ 14 ሜትር ስፋት ያለው አራት ሌይን መንገድ ለመሻገር ነው። ሰው ሥር ሥሩን ቢሄድ ምን ይገርማል? ባቡር ሐዲድና መኪና በ100 የሚበርበት ፈጣን መንገድ ላይ ድልድይ ተገቢ ነው። ሰው በሚኖርበት ቦታ ግን መኪናው ይዘግይ፣ እግረኛው መሬት ላይ ይሻገር።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ሰው ይሳሳታል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ ያጸደቀችው፣ በመንገድ አደጋ ማንም እንዳይሞት የሚለው ‹‹ዜሮ ራዕይ›› የሚነሳው ከዚሁ ነው። ስህተት አይቀርም፤ ስህተቱ ግን ሕይወት እንዳያስከፍል መንገዱን የሚሠራውም ኃላፊነት አለበት።

አዲስ ገባሁ፦ ይቅርታ፣ ከላይ አላነበብኩም። አራት ሌይን መንገድ ላይ ዜብራ አስቀቡልን ብንል ይበቃል?

መልስ፦ አንብብ እንጂ ወንድሜ! ቀለም ብቻውን መኪና አያቆምም። አራት ሌይን ላይ ደግሞ ጭራሽ ወጥመድ ይሆናል። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ያሳልፍሃል። ከጎኑ ባለው ሌይን የሚመጣው ግን አንተን አያይህም፤ የቆመው መኪና ሸፍኖሃል። አንተም አታየውም። ቆሞልኛል ብለህ ስትወጣ ይደርስብሃል። ብዙ ደግ ሹፌር ቆሞ ያሳለፈው ሰው ዓይኑ እያየ የተገጨው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያ የሚያስፈልገው መሃል ላይ ደሴት፣ ከዜብራው ወደ ኋላ የራቀ የማቆሚያ መስመር፣ ብዙ ጊዜም መብራት ነው። ደሴቱ ለአረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው። 14 ሜትሩን በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ12 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። በ0.8 የሚራመድ ሽማግሌ ከ17 ሴኮንድ በላይ ይፈልጋል። መብራቱ ለፈጣኑ ከተሞላ ሽማግሌው መሃል ላይ ይቀራል።

ጠያቂ፦ ኢንጂነር፣ የኛስ መንገድ? አደገኛ ነው እኮ።

መልስ፦ ሌይን፣ ፍጥነት፣ የሚሻገረው ሰው። ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ።

ቸኳዩ፦ መጨናነቁንስ? መንገዱ ይስፋ።

መልስ፦ ሲሰፋ አዲስ መኪና ይመጣና ይሞላዋል። ሴኡል ውስጥ ቾንግጌቾን በሚባል ወንዝ ላይ የነበረውን ከፍ ያለ ፈጣን መንገድ አፍርሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ወንዙን ከፍተውታል፤ ከተማዋ አልቆመችም።

ፔዳል፦ ለብስክሌት የተቀባው መስመር የቆሙ መኪኖች ጥግ ለጥግ ነው የሚሄደው። በር ተከፍቶብኝ ወድቄያለሁ።

ሞተረኛው፦ ብስክሌተኞች ሄልሜት ሳያደርጉ ነው የሚያማርሩት።

ፔዳል፦ ሄልሜት በር ይዘጋል እንዴ?

ሞተረኛው፦ እኛ ሞተረኞች በመኪኖች መሃል ስናልፍ ግን ሁሉም ይሳደባል። ስለኛ ማን አሰበ?

መልስ፦ ስለ ሄልሜት ክርክሩን እዚሁ እንተወው፤ ሁለታችሁም አድርጉ። ፔዳል፣ የበር ስፋት 1 ሜትር ያህል ነው። መስመሩ ከቆመው መኪና ቢያንስ ያን ያህል ካልራቀ ባይቀባ ይሻል ነበር። ከሁሉም የሚሻለው የቆሙትን መኪኖች ወደ ትራፊኩ በኩል አውጥቶ፣ የበሩን ክፍተት ትቶ፣ ብስክሌቱን በእግረኛው መንገድ በኩል ማሳለፍ ነው። ሞተረኛው፣ አልረሳሁህም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪፖርቱ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ጽፏል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። አንድ ወገን ናችሁ።

ታዛቢ፦ አደባባይ ይሻላል ወይስ መብራት?

መልስ፦ ባለ አራት አቅጣጫ ተራ መጋጠሚያ ላይ የመኪኖች መንገድ የሚነካካበት 32 ነጥብ አለ። ባለ አንድ ሌይን አደባባይ ላይ 8። የሚገባው ውስጥ ላለው ቅድሚያ ከሰጠ ማለት ነው። ባለ ብዙ ሌይን አደባባይ ግን ለእግረኛም ለብስክሌትም መጥፎ ነው። እዚያም መግቢያው ሰፊ ቅስት ከሆነ በፍጥነት ነው የሚገቡት። አሁንም ማዕዘን ነው የማወራው።

ባለ በትር፦ ማየት የተሳነኝ ነኝ። ከእግረኛው መንገድ እኩል ከፍ ያለ መሻገሪያ ብላችኋል። እኔ ግን መንገዱ የት እንደሚጀምር የማውቀው በጠርዙ ነው።

መልስ፦ ይህን ማንሳትህ መልካም ነው። ከፍ ያለ መሻገሪያ ሲሠራ ድንበሩ ላይ በእግርና በበትር የሚታወቅ፣ ነጠብጣብ ያለው ንጣፍ ግዴታ ነው። ይህን ንጣፍ የፈጠሩት ጃፓናዊው ሴይኢቺ ሚያኬ ናቸው፤ መጀመሪያ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ውስጥ፣ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ነጠብጣቡ ‹‹ቁም›› ይላል፣ ረጃጅሙ መስመር ‹‹በዚህ ሂድ›› ይላል። ሁለቱን አቀያይሮ የነጠፈ ሠራተኛ ሰው ወደ መኪና ይመራል። ሲነጠፍ ቆማችሁ እዩ።

ታዛቢ፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርስ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

የልጆች እናት፦ ጠርዙን ለመግፋት በጀት የለም ቢሉንስ?

መልስ፦ ሙከራ ጠይቁ። ማዕዘኑ በቀለም ይከለልና ተጣጣፊ የፕላስቲክ ምሰሶ ይተከልበት። ምሰሶው ነው የሚሠራው፤ ቀለም ብቻውን መኪና አያቆምም። ከመተከሉ በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት፣ የሚታጠፉትን መኪኖች በስልክ ቅረጹ። መሬት ላይ 10 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ፤ ያንን ለማለፍ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ከቪዲዮው ይታያል። 10ን ለሴኮንዱ አካፍለሽ በ3.6 ስታባዢው በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለእግረኛ የቆሙትንም ቁጠሩ። ያንን ይዛችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።