ደም ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ ሲባል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት። ሰሞኑን ሽንቷን ሲያቃጥላት ቆይቶ ትኩሳት ያዛት፣ ብርድ ብርድ እያላት ተንቀጠቀጠች። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ደሟን አይቶ «ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል» አለን። ሆስፒታል ስንወስዳት ከሁለቱም እጇ ደም ቀዱ። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል እያሉ መድኃኒቱን ግን ወዲያው ጀመሩላት። ምንነቱ ሳይታወቅ እንዴት ይጀመራል? ደሟስ መቀየር የለበትም? (ልጇ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎት። እንደነገሩኝ ከሆነ ሆስፒታሉ የሚገባውን አድርጓል።

ክሊኒኩ ያየው ሲቢሲ የሚባለውን የደም ቆጠራ ይመስለኛል። ነጭ የደም ሴል ሲበዛ ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ መሆኑን ይጠቁማል። ነገር ግን ቶንሲልም፣ የሳንባ ምችም ከፍ ያደርጉታል። ባክቴሪያ ደም ውስጥ መግባቱን ብቻውን አያረጋግጥም። በዚህ ወረቀት ብቻ መርፌ ሲወጉ የሚሰነብቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል። ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» መባሉም እንደዚያው ነው። ዊዳል በቀድሞ ሕመም ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ወባና ግርሻ ግን ጠብታ ደም ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

የእናትዎን ጉዳይ የሚለየው የደም ካልቸር ነው። ክንድ በደንብ ይጸዳና ባክቴሪያ የሚያሳድግ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ደም ይጨመራል። ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ብዙ ቀዱ ብለው አይደንግጡ። ከሁለት ቦታ የሚቀዳው ያለምክንያት አይደለም። ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ በመርፌው ተከትሎ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው በአንዱ ብቻ ከበቀለ እንጠራጠራለን፤ ያው ባክቴሪያ በሁለቱም ከበቀለ ግን የምር ነው። ጠርሙሱ እስከ 5 ቀን ይጠበቃል፣ አብዛኛው ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ይበቅላል። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈተሻል።

ደሙ መቀዳት ያለበት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ክሊኒኩ መርፌ ወግቷቸው ከነበረ ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ደሙ ከተቀዳ በኋላ ግን ውጤት መጠበቅ አደገኛ ነው። ኢንፌክሽኑ ግፊት ሊያወርድ፣ ኩላሊት ሊያደክም ይችላል። ግፊት ከወረደ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመታ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ውጤቱ ሲመጣ ለዚያ ባክቴሪያ በሚስማማው ይቀየራል።

ደም አይቀየርም። ባክቴሪያው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፣ በእናትዎ ደግሞ ከሽንት ሳይሆን አይቀርም። ምንጩ ካልታከመ መድኃኒቱ ብቻ አይበቃም። የኩላሊት አልትራሳውንድ መታየቱን ይጠይቁ። ጠጠር የሽንቱን መንገድ ዘግቶ ከሆነ በአስቸኳይ መከፈት አለበት። ስኳራቸውም በየዕለቱ መለካት ይኖርበታል።

የመድኃኒቱ ቀን እንደ ባክቴሪያው ይለያያል። ከሽንት ለመጣ ኢ. ኮላይ ለሚባል ባክቴሪያ፣ ቶሎ ከተሻላቸው፣ ብዙ ጊዜ 7 ቀን ይበቃል። ስታፍ አውሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ቢያንስ 14 ቀን ነው፣ የልብ አልትራሳውንድም ይታያል። የልብ በር ከተነካ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ትኩሳቱ ስለለቀቃቸው ብቻ እንዳይቋረጥ።

አጠገባቸው ሲሆኑ መዘባረቅ፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ የሽንት ማነስ፣ የእጅና እግር መቀዝቀዝ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ይጥሩ። የካልቸሩ ወረቀት ሲወጣም ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት። ሕመሙ ቢመለስ የሚያክማቸው ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።