አፌ እየተያዘብኝ አፍራለሁ፤ አገልግሎቱን ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከደላንታ መጥቼ ደሴ ነው የምሠራው። ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ ግን ስናገር አፌ ይያዛል። አነጋገርሽ የገጠር ነው ብለው የሚስቁብኝም አሉ። ንባብ ሲደርሰኝ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። ሌሎቹን ሳይ እኔ የማልረባ ሆኜ ይሰማኛል። ይህ ትሕትና ነው ወይስ የእምነት ማነስ? ብተወውስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። አትተዪው።

ትሕትና ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ትሑት ሰው ስለ ራሱ ብዙ አያስብም። ራሱን የሚንቅ ሰው ግን ምን አሉኝ፣ እንዴት አዩኝ፣ ሳቁብኝ ይሆን እያለ ቀኑን ሙሉ ስለ ራሱ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፣ ይደክማልም። ልወቅስሽ አይደለም። የእምነት ማነስም አልለውም፤ ሲሳቅበት የማያመው ሰው የለም።

እስኪ ዛሬ ማታ ዘጸአት ምዕራፍ 4ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሙሴ «እኔ አፌ ኮልታፋ ምላሴም ጸያፍ የሆነ ሰው ነኝ» ይላል። እግዚአብሔር በዚህ አልተቆጣውም። የሰውን አፍ የፈጠረ ማን ነው ብሎ ጠየቀው፣ ከአፍህ ጋር እሆናለሁ ብሎም ቃል ገባለት። የተቆጣው ሙሴ «ሌላ ሰው ላክ» ባለ ጊዜ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ተቆጥቶም አልተወውም፣ ወንድምህ አሮን አለልህ አለው። እዚያ ቦታ ላይ የሙሴ አፍ ተፈታ የሚል ቃል አታገኚም። ኮልታፋ እንደሆነ ከአሮን ጋር ፈርዖን ፊት ቆመ። አንቺም አፌ ሲፈታ አገለግላለሁ ብለሽ አትጠብቂ።

አነጋገርሽን በተመለከተ ደግሞ፣ ጴጥሮስንም በሊቀ ካህናቱ ግቢ «አነጋገርህ ይገልጥሃል» ብለውታል፤ ገሊላዊ ነበራ! በበዓለ ሃምሳም የሰሙት ሰዎች እነዚህ የገሊላ ሰዎች አይደሉም ወይ እያሉ ተደነቁ። በዚያ ቀን 3000 ያህል ነፍስ ተጨመረ። የደላንታ አነጋገርሽን ለመደበቅ አትድከሚ፣ በእውነት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከሁሉ በፊት ለንስሐ አባትሽ የጻፍሽልኝን እንዳለ ንገሪያቸው፤ ጸሎቱንና ስግደቱን እሳቸው በአቅምሽ ይሰጡሻል። ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ ለብቻው አግኝተሽ አፍሽ እንደሚያዝ ንገሪው፤ ንባብ ሲደርስሽ አንዲት እኅት አብራሽ እንድታነብ ጠይቂ። አሮን የተሰጠው ለዚህ ነው፣ አትፈሪ። የሚስቁትንም ስም ሳትጠሪ አንሺለት፤ ይህን ማስተካከል የሱ ሥራ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድም ኃጢአት አይደለም፤ ለንግግር ችግር የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ጸበሉንም ሕክምናውንም አብረሽ ያዢ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አፋቸው የሚያዝባቸው ብዙ ሰዎች ሲዘምሩ አይያዝባቸውም። ስለዚህ ከንባቡ በፊት በመዝሙሩ ጀምሪ። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ስትጓዙ እንዳትቀሪ፤ መኪናው ውስጥ ከሁሉም ጋር ድምፅሽን አውጥተሽ ዘምሪ። ስትመለሱ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ያላት አጭር ንባብ ስጡኝ በያቸው።