መልስ፦ ክንፍ የሌለው የተማሪዎች ሮኬት

«ተማሪዎቼ ሞተሩን እያዘነበለ ራሱን የሚያቀና ሮኬት መሥራት ይችላሉ ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ አዎ፣ ያለ ክንፍም ይችላሉ። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው! መጀመሪያ ግን ሞተሩን አስብበት። ሲ6 (C6) የሚባለው የተለመደው ትንሽ የሮኬት ሞተር ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነዶ ያልቃል፤ ሰርቮዎቹ (ሞተሩን የሚያዘነብሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች) ሥራቸውን ሳይጀምሩ ማለት ይቻላል። ኤፍ15 (F15) የሚባለው ሞተር ወደ 3.5 ሰከንድ ስለሚነድ እሱ ይሻላል።

ነገሩ የመጥረጊያ እንጨት መዳፍ ላይ እንደማቆም ነው። እንጨቱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እጅህ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ጋይሮስኮፑ ማዘንበሉን ይለካል፣ ትንሿ ኮምፒውተር ታሰላለች፣ ሁለት ሰርቮዎች ሞተሩን ያዞራሉ። 5 ዲግሪ ያህል ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ባዶውን ሮኬት በእጅህ ያዝና አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዘንብል። የሞተሩ አፍ ወደ ግራ መዞር አለበት፤ እሳቱ ወደ ግራ ሲወጣ የሮኬቱን ጭራ፣ ልክ እንደ እጅህ፣ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ወደ ቀኝ ከዞረ ኮዱ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተገልብጧል፤ እንዲህ ከተተኮሰ ይገለበጣል።

እሳቱ ሲጠፋ መቆጣጠሪያውም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ፓራሹቱ ወዲያው ይከፈት። ሲተኮስ አዋቂ ሰው አብሮ ይሁን፣ ልጆቹም ቢያንስ 9 ሜትር ይራቁ። አሜሪካዊው የሞዴል ሮኬት ሠሪ ጆ ባርናርድ በሞተር ግፊት ሮኬቱን ቀጥ አድርጎ ለማሳረፍ ዓመታት ፈጅቶበታል። እናንተ ለጊዜው ቀጥ ብሎ መውጣቱ ላይ አተኩሩ።