ስለ መጫወቻው ጥያቄሽ፦ እኔ ከድቡ ዓይን የተማርኩት

እህቴ፣ «ልጄ 6 ወር ሞላው፤ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ዘመድ ያመጣው መጫወቻ ቤቱን ሞልቶታል፣ ግማሹ ፀጉራም አሻንጉሊት፣ ግማሹ በባትሪ የሚዘፍን። የቱን ልስጠው፣ የቱን ልደብቅ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ በመጀመሪያው ተሳስቼ በሁለተኛዋ ነው የነቃሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የመጀመሪያዬ 8 ወር ገደማ ሳለ ነው። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ እኔ አጠገቡ ልብስ አጥፋለሁ። ድንገት ጭጭ አለ። ልጅ ጭጭ ሲል ታውቂው የለ! ዞር ስል የሚወደው ድብ አንድ ዓይኑ የለም። አገጩን ይዤ አፉን ስከፍት ጥቁሯ የፕላስቲክ ዓይን ምላሱ ላይ ቁጭ ብላለች፣ እሱም ያላምጣታል። ስለምትታየኝ በጣቴ ከጉንጩ በኩል ጠርጌ አወጣኋት። (ባትታየኝ ኖሮ በዘፈቀደ ጣት መክተት ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋታል፣ ይሄን ልብ በይ።) ለካ ዓይኗ የተያዘችው በሙጫ ኖሯል፤ ልጁ ለሳምንታት ሲጠባት ምራቁ አላቀቃት። ድቡ አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ የሰጠን ሰው አስቦ የገዛው ነው። ያን ዕለት ማታ የቤቱን መጫወቻ በሙሉ መሬት ላይ ዘርግፌ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ጎማውን፣ ስፌቱን አንድ በአንድ ስጎትት አመሸሁ። የተነቀለው ብዛት!

ከዚያ ወዲህ አዲስ መጫወቻ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ዕቃ ሲርስ፣ ሲታኘክ፣ ሲወድቅ ከላዩ ምን ይወልቃል? የሚወልቀውን ደግሞ መለካት ትችያለሽ። ሶፍት ሲያልቅ የሚተርፈውን የካርቶን ቱቦ አስቀምጪው። መጫወቻውን ወይም ሊነቀል የሚችለውን ክፍል በቱቦው ስታሳልፊው ከሾለከ፣ ለልጅሽ ትንሽ ነው። አምራቾች ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠሩትን የሚፈትኑበት ቱቦ መሰል መለኪያ የአፉ ስፋት 3.17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሶፍቱ ቱቦ ከዚያ ሰፋ ስለሚል ጥብቅ ዳኛ ይሆንልሻል። ኳስ ከሆነ ደግሞ በቱቦው ባያልፍም ተለቅ ያለውን ምረጪ። ክብ ነገር ጉሮሮን እንደ ውታፍ ነው የሚደፍነው፣ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አይተውም። ፊኛን እርሺው፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ ለማውጣት በጣም ያስቸግራል።

ማሸጊያው ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የተሰረዘ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር ካየሽ፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የችሎታ መመዘኛ ያደርገውና «የእኔ ልጅ ፈጣን ነው» ይላል። ፈጣን ልጅ ቶሎ ነው የሚነቅለው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። የሰዓት ባትሪ የምንላትን ክብ፣ ጠፍጣፋ ባትሪ ታውቂያታለሽ። ልጅ ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረች ከምራቅና ከእርጥበቱ ጋር ኤሌክትሪክ እየፈጠረች ሥጋውን ታቃጥላለች፤ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ስለዚህ የሚዘፍነውን ሁሉ ገልብጪና የባትሪውን ክዳን እዪ። በብሎን ከታሰረ ደህና፤ በጥፍር ተጭነሽ የሚከፈት ከሆነ ከቤቱ ይውጣ። ቀጭን ሪሞት፣ የኩሽና ሚዛን፣ ሲከፈት የሚዘፍን የልደት ካርድም ያው ናቸው። ውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት አትጠብቂ፣ አታስመልሺው፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሄደሽ ራጅ ይነሳ። ማግኔትም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀት መሀል አድርገው ይሳሳቡና ይበሱታል።

ፀጉራሞቹን ቀን አጠገቡ ሆነሽ ስጪው፣ የፕላስቲክ ዓይን ያላቸውን ግን ዓይናቸውን ነቅለሽ። ማታ አልጋው ውስጥ አንድም አይግባ፤ እስከ 1 ዓመት ድረስ የሕፃን አልጋ ባዶ ቢሆን ነው የሚሻለው። ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለ የሚሽከረከር ነገር ካለሽ ዛሬውኑ አውርጂው። በእጁና በጉልበቱ መነሳት የጀመረ ልጅ ይደርስበታል፣ ክሩ ደግሞ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ድምፁን በራስሽ ጆሮ ሞክሪ፤ እሱ ጆሮው ሥር ነው የሚይዘው። አንቺን ከረበሸሽ ድምፅ ማውጫው ላይ ፕላስተር ለጥፊበት። እኔ የሁለት ሦስቱን ባትሪ አውጥቼ ጭራሽ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ፣ ልጆቼም ምን እንደጎደለ አልጠየቁም።

ታዲያ ምን ይሰጠው? በዚህ ዕድሜ የሚፈልገው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ማቀባበል፣ ማጋጨትና ማኘክ ነው። በእጁ የሚጨበጥ ቀለበት፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ የሲሊኮን ድድ ማሻሻ፣ ሲወዘወዝ የሚንሿሿ ቀላል ነገር፣ የጨርቅ መጽሐፍ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ኩባያዎች ካሉሽ ግን እነሱን ከሁሉ አስቀድሜ እመክርሻለሁ። አሁን ያኝካቸዋል፤ 8 ወይም 9 ወር ሲሆነው ከሥራቸው ዕቃ ስትደብቂ ያነሳቸዋል፤ ከ1 ዓመት በኋላ ይደረድራቸዋል። ሁለተኛዋ ልጄ ከገዛንላት ሁሉ አስበልጣ የወደደችው አንድ የብረት ኩባያና የእንጨት ማንኪያ ነበር። ጎረቤት አልወደደውም እንጂ!

በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ብቻ አውጪለት፣ ሌላውን ሣጥን ውስጥ ክተቺ፣ በሳምንቱ ቀይሪ። እንደ አዲስ ነው የሚቀበለው። ዘመዶችሽም አይከፋቸውም፤ የእነሱ ተራ ደረሰ ማለት ነው።

ቀዳዳ ያላቸውን የገላ መታጠቢያ መጫወቻዎች ጭመቂያቸው፤ ጥቁር ነገር ከወጣ ሻጋታ ነው፣ ይጣሉ። ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ መጫወቻም አትቀበይ፣ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ልጁ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን ባለ ጎማ ጋሪ (ዎከር) ላምጣልሽ የሚልሽ ሰው ካለ ደግሞ በትህትና እምቢ በይ፤ ልጁን ወደ ደረጃና ወደ ምድጃ ያደርሰዋል እንጂ መራመድ አያስተምረውም። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ጭምር ከልክላዋለች።

ድቡን አልጣልኩትም። ሁለተኛውንም ዓይን ነቅዬ በጥቁር ክር ጠለፍኩለት፤ ትንሽ ሸውራራ ሆነ እንጂ ሁለተኛዋም አድጋበታለች። አንቺ ከእነዚያ ከሚዘፍኑት ጀምሪ፤ የባትሪ ክዳናቸው በምን እንደተያዘ እይና ንገሪኝ።