ቤልት ሎደር አውሮፕላን ነክቶ ምልክት ባይታይስ? ለድሬዳዋው የራምፕ ሠራተኛ ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። ቤልት ሎደሩ (ሻንጣ ወደ አውሮፕላኑ የሚያወጣው ባለ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ተሽከርካሪ) የጭነት በሩን ጠርዝ ነካ፣ ምልክት ስላልታየ አውሮፕላኑ ተነስቶ ሄደ፤ አሁን ስሜን ሳልጽፍ የሴፍቲ ሪፖርት ሳጥን ውስጥ ላስገባው ወይ፣ ይቀጡኛልስ ወይ ብለሃል። ሳጥኑን ለጊዜው ተወውና አሁኑኑ ለጣቢያው ኃላፊ ወይም ለቴክኒሻኖቹ ደውል። የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥርና የተነካውን ቦታ ንገራቸው። ሳጥኑ እስኪከፈት ያ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ተነስቶ ያርፋል።

መሣሪያ አውሮፕላን ከነካ ነገሩ በፈቃድህ የምትናገረው አይደለም፣ ግዴታ ነው። ጉዳት አለ የለም የሚለውን የሚወስነውም ቴክኒሻን እንጂ ጫኝ አይደለም። የአሉሚኒየም ቆዳ ላይ ያለ ጭረት ካቢኑ በግፊት በተሞላና በተለቀቀ ቁጥር ወደ ስንጥቅ ሊያድግ ይችላል። ኮምፖዚት (በሙጫ የተጣበቀ የፋይበር ንብርብር) ከሆነ ደግሞ ውጪው ደህና መስሎ የውስጡ ንብርብር ሊላቀቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ከሲያትል የተነሳ ኤምዲ 80 ጀት 26,000 ጫማ አካባቢ ላይ የካቢን ግፊቱን አጥቶ ተመልሶ አርፏል። ቆዳው ላይ 30 በ15 ሴንቲሜትር ገደማ ቀዳዳ ተገኘ። አንድ የራምፕ ሠራተኛ በተሽከርካሪ ነክቶት ሳይናገር ቀርቶ ነበር።

የፈቃደኝነት ሪፖርት ቦታው ለጥቂት ያመለጠው ነገርና ገና ያልደረሰው አደጋ ነው፦ የቤልት ሎደሩ ፍሬን ዘግይቶ መያዙ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ተበልቶ ብረቱ መውጣቱ፣ በእጅ ምልክት የሚመራ ሰው ሳይኖር ወደ በሩ መጠጋት፣ በግንቦት ሙቀት የአራት ሰው ሥራ ለሁለት ሰው መተው። እነዚህ ከመነካቱ በፊት ቢጻፉ ኖሮ ምናልባት አንተም ዛሬ ይህን ባልጠየቅክ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ዋሽንግተን አቅራቢያ ተራራ ላይ ወድቆ 92 ሰው ያለቀበት ቦይንግ 727 የወደቀው አብራሪዎቹ የማረፊያ ፈቃዱን በተሳሳተ መንገድ ስለተረዱት ነው። ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስህተት ከዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፈው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከራሳቸው ድርጅት አልወጣም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ሪፖርት መቀበሉን ከአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አውጥተው ለናሳ የሰጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ቅጣቱ፦ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የደህንነት አያያዝ ደንብ፣ አኔክስ 19፣ በፈቃደኝነት የተሰጠ መረጃ ሠራተኛውን ለመቅጣት እንዳይውል ይጠብቃል። ከባድ ቸልተኝነት፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትና ወንጀል ግን ከጥበቃው ውጪ ናቸው። ስለዚህ መንካቱ ስህተት ነው፤ ነክተህ እያወቅክ ብትደብቅ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ስም ስለመተው የምመክርህ አትተው ብዬ ነው። ድሬዳዋ ትንሽ ጣቢያ ነው። የበረራ ቁጥርና ሽፍቱ ከተጻፈ ስም ባይኖርም ማን እንደጻፈው በአንድ ሻይ ዕረፍት ይታወቃል። እነዚህን ዝርዝሮች ብትተው ደግሞ መርማሪው ምንም አያገኝም፣ ተመልሶ የሚጠይቀውም ሰው የለውም። የሚሻለው ስምህን ጽፈህ፣ በሽፍት ኃላፊህ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለሴፍቲ ክፍሉ ልከህ፣ ወደ ጣቢያው የሚመለሰው ጽሑፍ ቀኑም የበረራ ቁጥሩም የተሰረዘለት እንዲሆን በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ስትጽፍ ሰዓቱን ተጠንቀቅ። በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የሆነው በአገር ውስጥ ሰሌዳ 09:00፣ በዩቲሲ (በአቪዬሽን የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሰዓት) 06:00 ነው። የትኛውን እንደጻፍክ ካልገለጽክ ከካሜራውም ከበረራ መዝገቡም ጋር አይገጥምም። የመሣሪያውን ቁጥር፣ አውሮፕላኑ የቆመበትን ቦታ፣ ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ ሽፍት ከገባህ ስንት ሰዓት እንደሆነህ፣ መብራቱንና ንፋሱን ጻፍ። «እገሌ ግዴለሽ ነው» አትበል፤ «ፍሬኑ ሲረገጥ መሣሪያው ወዲያው አልቆመም» በል። የመጀመሪያው ጠብ ያመጣል፣ ሁለተኛው መሣሪያውን ወደ ጥገና ይወስደዋል።

የሪፖርት ቁጥር ተቀበል። መልስ ከዘገየ በዚያው ቁጥር ጠይቅ፤ ቤልት ሎደሩ ሳይጠገን ወደ ሥራ ከተመለሰ ደግሞ ያንንም አዲስ ሪፖርት አድርገህ አስገባው።