«ቲቸር፣ ላቡ የት ነው?»፦ ስለ ግቢያችን የኮምፒውተር ማዕከል ጥያቄና መልስ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ በላብ ቴክኒሻንነት እሠራለሁ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር በራችን ላይ ቆሞ የሚያመነታ አይጠፋም። ልግባ? ልጠይቅ? እያለ ይመለሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዘንድሮ «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» አልኳቸው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው እነሆ። አሠራሩ ከግቢ ግቢ ትንሽ ይለያያል።

ቲቸር፣ አይሲቲ፣ ላብ፣ ዲጂታል ላይብረሪ ይላሉ። አንድ ናቸው?

አይደሉም። ይህን ለይታችሁ ካወቃችሁ ግማሹ መንከራተት ይቀርላችኋል። አይሲቲ የሚባለው ቢሮ ኔትወርኩን፣ ዋይፋዩንና የተማሪ አካውንቱን ይይዛል። ላብ ኮርስ የምትማሩበት ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ በዲፓርትመንት ሥር ስለሆነ፣ ክፍለ ጊዜ ካለ ለሌላ ሰው አይከፈትም። ዲጂታል ላይብረሪው ግን መታወቂያ አሳይታችሁ ገብታችሁ የምትሠሩበት ነው። «ግሬዴ አልገባልኝም» ከሆነ መምህራችሁንና ሬጅስትራርን ጠይቁ። እኛ ሲስተሙ እንዲሠራ እናደርጋለን እንጂ ግሬድ አንነካም።

ፓስወርዴ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ መታወቂያ ቁጥራችሁን ከነስላሹ በትክክል መጻፋችሁን አረጋግጡ። ካልሆነ መታወቂያ ይዛችሁ ራሳችሁ ኑ። ለጓደኛ የማንቀይረው ለእናንተው ብለን ነው።

ኢዱሮም የሚል ዋይፋይ ይታየኛል፣ ግን አይገባልኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአካውንት ስሙን ብቻ ጽፎ ነው። ከአት (@) ምልክቱ በኋላ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ጨምራችሁ ሙሉውን ጻፉ። ጥቅሙ ደግሞ ከግቢ ያልፋል። ኢዱሮም ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ነው፤ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ ስልካችሁ ላይ በትክክል ከተሞላ፣ ሌላ አባል ዩኒቨርሲቲ ስትሄዱ ማንንም ሳትጠይቁ ራሱ ይገናኛል።

ትናንት ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩት ፋይል ዛሬ የለም! ማን አጠፋብኝ?

ማንም አላጠፋውም። ብዙ ላቦች ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ በመሐል የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ቫይረስ እንዳይከማች ይጠቅማል፣ ለማያውቅ ግን ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ተመራቂ ተማሪ የፕሮጀክቷን ሦስተኛ ምዕራፍ ዴስክቶፕ ላይ ትታ ምሳ ሄደች። መብራት ጠፍቶ መጣ። ስትመለስ ስክሪኑ ላይ የቀረው የግቢው አርማ ብቻ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከማስታወሻ ደብተሯ እያነበብኩላት እስከ ማታ እንደገና ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ በየማሽኑ ላይ «ፍላሽ ላይ ሴቭ አድርጉ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩት፤ ፍላሽም ይጠፋል። ስትጽፉም በየአንቀጹ ኮንትሮል ኤስ እየተጫናችሁ ሴቭ ማድረግ ይልመድባችሁ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) ያለው ማሽን ጥቂት ነው።

ፍላሼ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ።

አትደንግጡ፣ ፋይሉ አለ። ቫይረሱ ፎልደሩን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት አስቀምጦ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱት፤ የሚዛመተው ስትከፍቱት ነው። ፎርማትም አታድርጉት። ወደ እኛ አምጡት። በአንቲቫይረስ ጠርገን የተደበቀውን በአንድ መስመር ትእዛዝ እንገልጠዋለን።

32 ጊጋ ባዶ ፍላሽ 5 ጊጋ ቪዲዮ አልቀበልም አለኝ።

ፍላሹ ፋት 32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ ስለተዘጋጀ ነው። 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ የቀረ ፋይል ካለ ሌላ ቦታ ገልብጡና ኤክስፋት በሚባለው አቀማመጥ ፎርማት አድርጉት።

በአማርኛ የጻፍኩት ፕሪንት ቤት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስምስ ሆነ።

በድሮ ፎንት ስለጻፋችሁ ነው። እነዚያ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን የሚያየው ከሥር ያለውን ነው። የግዕዝ ፊደል፣ ለየፊደሉ የራሱን ቦታ በሚሰጠው ዩኒኮድ የሚባል ዓለም አቀፍ አሠራር ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፣ ለፕሪንት ስትወስዱም ፒዲኤፍ አድርጉት።

ለቴሲሴ የምፈልገው ጽሑፍ በዶላር ክፈል ይላል።

ሳትከፍል ላይብረሪ ሂድ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የጤናው ክፍል ሂናሪ፣ የግብርናው አጎራ ይባላል። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። መግቢያው የሚሰጠው ለተመዘገበ ተቋም ስለሆነ ላይብረሪያኗን «የሂናሪ መግቢያ አለን?» ብለህ ጠይቃት። ተማሪ ከኪሱ ሊከፍል ሲያስብ ስሰማ አንጀቴ ይቃጠላል።

መውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉ። እፈራለሁ።

አዎ፣ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ከፈተናው በፊት የሙከራ ፈተና ሲዘጋጅ እንዳታመልጪ። ፈተናው ቀን ማሽኑ እምቢ ካለሽ ራስሽ አትነካኪው፣ እጅሽን አውጪ።

ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርህ። ከገጠር ነው የመጣሁት። ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። ልጆቹ እየሳቁብኝ ነው።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እንዳንተ ያሉ በየዓመቱ ይመጣሉ። መጀመሪያ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስተው አየር ላይ ያንቀሳቅሱታል፣ ወይም ዳብል ክሊክ ሲያደርጉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጣት ነው፣ ይለምዳል። ያለ ኮምፒውተር ተምረህ ዩኒቨርሲቲ መግባትህን እነዚያ ልጆች አላሰቡትም። ፍሪ በሆንክ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ተለማመድ። መጀመሪያ ማውስ ብቻ። ከዚያ ስምህን መጻፍና ሴቭ ማድረግ። ቀጥሎ ፋይሉን ፈልጎ መክፈት። ጓደኛህ ማውሱን ከእጅህ ነጥቆ «እኔ ልሥራልህ» ካለህ እሺ አትበል፤ በአፉ ይንገርህ፣ እጁ ያንተ ይሁን።

ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ የእኛ ላብ ክፍለ ጊዜ የለበትም። ከበሩ አጠገብ ያለውን ማሽን እይዝልሃለሁ። መታወቂያህን ይዘህ ና።