የሶፍትዌር አካውንትን ከኔትወርክ መግቢያ ጋር በምን እናዛምድ?

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት የአይቲ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሒሳብ ሶፍትዌራችን የራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ነበረው። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን በሚከፍትበት የአክቲቭ ዳይሬክቶሪ (የድርጅቱን ኮምፒውተሮችና የተጠቃሚ አካውንቶች በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሥርዓት) መግቢያ ብቻ እንዲጠቀም ብለን አካውንቶቹን በስም አዛመድናቸው። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ገንዘብ ያዥ ሶፍትዌሩን ስትከፍት፣ በስምም በአባት ስምም የምትመሳሰላት ኃላፊ የክፍያ ማጽደቂያ ገጽ መጣላት። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው የተሳሳተውን ዝምድና ይሰርዙ፤ ከተዛመደበት ቀን ጀምሮ በኃላፊዋ ስም የጸደቁትን ክፍያዎችም ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ሆነው አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቴክኒኩ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ባላጸደቀችው ክፍያ ላይ ስሟ ሰፍሮ ሊገኝ የሚችል ሠራተኛ አለችና።

በስም ማዛመድ በእኛ አገር ፈጽሞ አይመከርም። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በስምና በአባት ስም የሚገናኙ ሠራተኞች በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መኖራቸው የተለመደ ነው። በዚያ ላይ «ጸሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የአንዲቱ ሰው ሁለት አካውንቶች ሳይገናኙ ሊቀሩም ይችላሉ። ዩዘርኔምም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በአክቲቭ ዳይሬክቶሪ ከ20 ፊደል የማይበልጠው አጭሩ የመግቢያ ስም ሊለወጥ፣ ከዚያም አልፎ ሥራ ለለቀቀ ሰው የነበረው ለአዲስ ገቢ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ሠራተኛ የቀድሞውን ሥልጣን ሳያውቀው ይወርሳል።

አስተማማኙ መለያ ዳይሬክቶሪው አካውንቱን ሲፈጥር የሚሰጠው፣ ኦብጀክት ጂዩአይዲ የሚባለው ባለ 128 ቢት ቁጥር ነው። የሠራተኛው ስም ቢታረም ወይም አካውንቱ በዚያው ዳይሬክቶሪ ውስጥ ከፒያሳ ቅርንጫፍ ወደ ሜክሲኮ ቅርንጫፍ ቢዛወር ቁጥሩ አይለወጥም፤ አካውንቱ ተሰርዞ እንደገና ቢከፈት ግን አዲስ ቁጥር ያገኛል፣ ይህም ተገቢ ነው። ሶፍትዌሩ በተጠቃሚዎች ሠንጠረዡ ውስጥ ይህንን ቁጥር እንዲይዝ ያድርጉ።

ለመጀመሪያው ማዛመድ ድልድይ የሚሆንዎት የሰው ሀብት ክፍል የሰጠው የሠራተኛ መለያ ቁጥር ነው። በዳይሬክቶሪው ኢምፕሎዪ አይዲ በተባለው ቦታና በሶፍትዌሩ የተጠቃሚ መዝገብ ላይ ከአንድ ዝርዝር ያስሞሉት፤ ቁጥራቸው ያልተገናኘውን ኮምፒውተሩ በግምት እንዲያገናኝ አይፍቀዱለት፣ ባለቤቶቹን ጠርታችሁ አረጋግጡ።

ካዛመዱ በኋላም መግባት ያቃተው ሰው ካለ የኮምፒውተሩን ሰዓት ይመልከቱ። ዳይሬክቶሪው የገባውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠቀምበት፣ ኬርቤሮስ የሚባለው ሥርዓት በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም፤ ሰዓቱን ወደ ሀበሻ አቆጣጠር በእጁ ያዞረ ሠራተኛ ደግሞ በ6 ሰዓት ይርቃል።

በመጨረሻም የሶፍትዌሩን የድሮ ፓስወርዶች ዝጉ፤ የዳይሬክቶሪው ሰርቨር ሲቋረጥ የሚያገለግል አንድ አካውንት ብቻ፣ ፓስወርዱ ታሽጎ በካዝና እንዲቀመጥ አድርጉ። የድሮው በር ክፍት ከቀረ ከዳይሬክቶሪው የታገደ ሰው በእርሱ በኩል ይገባል።